እትዬ ጥርስ የሌለችበት ዓመት

ባልና ሚስቱ የተማሪ ፎቶ ማንሳት ሲጀምሩ የነበራቸው አንድ ካሜራ፣ አንድ በርጩማና ከመኝታ ቤታቸው መስኮት የወረደ ሰማያዊ መጋረጃ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን የራሳቸው ስቱዲዮና የራሳቸው ማተሚያ ማሽን ኖሯቸው፣ ትምህርት ቤቶች ገና ሳይከፈቱ ቀን ለመያዝ የሚሻሟቸው ሰዎች ሆኑ። ሰው ሁሉ የሥራው ምሰሶ ባልየው ይመስለው ነበር፤ ካሜራውን የሚይዘው እሱ ነዋ። እሱ ግን እውነቱን ልቡ ያውቀዋል።

ብርሃን ማስተካከል የእሱ ነው። በርጩማው ላይ እንደ ግንድ ደርቆ የተቀመጠውን ልጅ ነፍስ እንዲዘራ ማድረግ ግን የሚስቱ ነበር። ከካሜራው ጎን ትቆማለች፤ ኮሌታ ታቃናለች፣ አፍንጫ ትጠርጋለች፣ ከዚያ «በል እስቲ ጥርስ እንይ! ይቺንስ ማን ሰረቀህ?» ስትል ልጁ ሳያስበው ይፍለቀለቃል። ባልየው የሚጠብቀው ያቺን ቅጽበት ነበር። ልጆቹ «እትዬ ጥርስ» አሏትና ስሟ ሆኖ ቀረ። እሷም ስልክ ስታነሳ «እትዬ ጥርስ ነኝ፣ ማን ልበል?» ትል ነበር።

ትምህርት በተዘጋበት ወቅት ታመመች። መጀመሪያ ድካም ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ደም ማነስ፤ በኋላ ሐኪሙ ባልየውን ለብቻው ጠርቶ በሩን ዘጋው። እናቷ ሊያስታምሟት ከሌላ ከተማ መጡ። ቆጣ ያሉ፣ ከአፋቸው ቃል በግድ የሚወጣ ሴት ናቸው። የልጃቸውን ሥራ አንድም ቀን ወደውት አያውቁም። «አስተምሬ አስተምሬ፣ የሰው ልጅ መኮርኮር ሥራዋ ሆኖ ቀረ» ይሉ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን ከአልጋዋ ጎን አልተነሱም። ውሃ በማንኪያ እየሰጡ፣ ፀጉሯን እያበጠሩ፣ እጃቸው ላይ አለፈች።

ከቀብር በኋላ ለቀስተኛው ተበተነና ቤቱ ውስጥ አማትና አማች ብቻ ቀሩ። ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም ነበርና ዝምታውን የሚሰብር ነገር ጠፋ። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። አብረው ሲበሉም የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር። እሱ እንባ እንቢ ብሎታል። ሰው ሁሉ «ወንድ ነው፣ ቻለው» ይል ነበር።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ሥራውን ብቻውን ጀመረ። ልጆቹ ገና ከበሩ አንገታቸውን እያሰገጉ «እትዬ ጥርስስ?» ይሉታል። «ትንሽ አሟት ነው» ይላቸዋል። ከዚያ በርጩማው ላይ ይወጣሉ፣ እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ «ሳቁ እስቲ» ይላል። ሳቁ ተብሎ የሚስቅ ልጅ የት ይገኛል? ፎቶዎቹ ሲታተሙ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አስጠራው።

«ወንድሜ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል» አለው ዳይሬክተሩ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋ። «ግን ይዩዋቸው እስቲ። ክትባት ሊወጉ የተሰለፉ ነው የሚመስሉት። ወላጅ ይህን ግድግዳው ላይ አይሰቅልም።»

«ደግሜ አነሳቸዋለሁ» አለ ባልየው።

ፎቶዎቹን ቤት ወስዶ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ትቷቸው ኖሮ አማቱ አገኟቸው። አንዱን አንስተው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

«ይሄን ልጅ ምን አድርገኸው ነው?»

«ምንም አላደረግሁትም፣ እማማ።»

«ምንም ስላላደረግኸውማ ነው እንዲህ የሆነው።» ፎቶውን ቀስ ብለው መለሱት። «ነገ አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ቀኑን ሙሉ መቆም ነው እኮ። እግርዎ አይችለውም።»

«እዚህ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ሳይ ከምውል እግሬ ይመመኝ።»

እምቢ ለማለት አንጀቱ አልቻለም። በማግስቱ ግን መንገዱን ሁሉ፣ ያለችውን ጥቂት ሥራ በገዛ እጁ ሊያጠፋት እንደሆነ እያሰበ ነዳ። አማቱ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው እንደወትሮው ኮስተር ብሏል።

የዚያን ቀን ተራው የሌላ ትምህርት ቤት ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ጨርቁን ሰቀለ፣ መብራቶቹን አቆመ፣ መምህርቷ የሁለተኛ ክፍል ልጆችን አሰልፋ አስገባች። መጀመሪያ የመጣችው ፀጉሯን ሁለት ቦታ የተጎነጎነች፣ ደፋር አንደበት ያላት ልጅ ነበረች። በርጩማው ላይ እንደወጣች፦

«እትዬ ጥርስ የት አለች?» አለች።

«ትንሽ አሟት...» ብሎ ሲጀምር አማቱ አቋረጡት።

«አላመማትም። ሞታለች። ልጄ ነበረች።»

መምህርቷ አፏን በእጇ ያዘች። ፎቶ አንሺው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ልጅቷ ግን አሮጊቷን ከላይ እስከ ታች ስትመረምር ቆየች።

«እርስዎ እናቷ ነዎት?»

«አዎ።»

«ታዲያ የእርስዎ ጥርስ የት ሄደ?»

እውነቷን ነው፤ የአማቱ የፊት ጥርሶች ከወለቁ ቆይቷል። ሴትዮዋ ሊቆጡ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። አልሆነላቸውም። ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። እየሳቁ እንባቸው ይወርዳል፣ እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ። ልጅቷ እሳቸውን አይታ ሳቀች፣ ሰልፉም ተከተላት። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዓይኑ ላይ እንደደገነ ፈዞ ቀረ። ከካሜራው መስታወት ማዶ ሁሉም ነገር ደብዝዞበት ሌንሱ የተበላሸ መስሎት ነበር፤ ያለቀሰው እሱ መሆኑን ያወቀው ጉንጩ ሲረጥብ ነው።

አማቱ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ዞሩበት። «አንተ! ለጌጥ ነው የቆምከው? አንሳ እንጂ!»

ያን ቀን ሁሉም አልሳቀም። መሃል ላይ አንድ ቀጭን ልጅ በርጩማው ላይ ወጥቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው «የኔም አባት ሞቷል» አለ። አማቱ ኮሌታውን ሲያቃኑለት ትንሽ ቆዩ።

«እንግዲያው እኔና አንተ ነገሩን እናውቀዋለን» አሉት። «ካልፈለግህ አትሳቅ። ቀና ብቻ በል።»

ልጁ ቀና አለ። ፎቶ አንሺውም ሳያቻኩለው አነሳው።

ጣጣው በማግስቱ መጣ። የዚያ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሴት ናት፤ ደውላ አስጠራችው። አማቱም ልቅር አላሉም፤ አብረው ገቡ።

«ወላጆች እየደወሉብኝ ነው» አለች ዳይሬክተሯ። «አንዷ ልጅ ማታ እናቷን 'አንቺም ትሞቻለሽ ወይ?' ብላ ስታለቅስ አመሸች። ፎቶ ሊነሱ ነው የላክናቸው፣ ለቅሶ ቤት አይደለም።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ፎቶ አንሺው።

«የሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ የተናገርኩት» አሉ አማቱ። «ልጅ ካስለቀስኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን እመቤቴ፣ ልጆቹ ጠየቁ። ታማለች ካልናቸው በየዓመቱ ሊጠብቋት ነው እኮ። የማትመጣን ሰው መጠበቅ አይከብድም?»

ዳይሬክተሯ ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ ግን ከሐሳቧ አልተመለሰችም። ሥራውን ጨርሳችሁ አስረክቡ አለች፤ ለቀጣዩ ዓመት ሌላ ፎቶ አንሺ ያዘች። ቀጥሎም ሌላ አንድ ትምህርት ቤት፣ ወሬው ደርሶት ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ስልካቸውን ማንሳት ተወ። የቀሩት ግን አብረዋቸው ቀጠሉ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ልጆቹ ዳግመኛ የተነሱትን ፎቶ ሲያይ «አሁን የኔ ተማሪዎች ሆኑ» ብሎ ሳቀ። የዚያ የቀጭኑ ልጅ እናትም ስቱዲዮ ድረስ መጥታ ፎቶው ተለቅ ብሎ እንዲታተምላት ጠየቀች። ምክንያቷን አልተናገረችም፣ እነሱም አልጠየቋትም።

ወራት እንዳለፉ የሚስቱ ወንድም እናቱን ሊወስድ መጣ።

«እማዬ፣ ዕቃሽን አዘጋጂ፣ ጠዋት እንሄዳለን።»

«ነገ ሥራ አለብኝ።»

«የምን ሥራ?»

«ኮሌታ ማቃናት።»

ልጃቸው ወደ ፎቶ አንሺው ዞረ። እሱም መሬት መሬቱን እያየ «እኔ በግድ አልያዝኳቸውም። መሄድ ከፈለጉ መብታቸው ነው» አለ።

«ስማኝ ልጄ» አሉ አማቱ። «እዚያ ብመለስ በየደጁ ልጇ የሞተችባት እባላለሁ፤ ሰው ሲያየኝ ስሟን ይውጠዋል። እዚህ ልጆቹ ስለሷ ያወሩኛል። አንዱ እንዲህ ብላኛለች ይለኛል፣ ሌላዋ እንዲህ አድርጋኛለች ትለኛለች። በየትምህርት ቤቱ ትንሽ ትንሽ አለች። እሷን እየለቃቀምኩ ነው፤ አትውሰደኝ።»

ልጃቸው ጠዋት ጉንጫቸውን ስሞ ብቻውን ሄደ።

በዚያው ቀን ከሥራ ተመልሰው ራት ሲቀርብ፣ ፎቶ አንሺው ሳይጠየቅ ማውራት ጀመረ። ሚስቱ በአንድ ወቅት እምቢ ብሎ ያስቸገረን ልጅ ለማባበል እራሷ በርጩማው ላይ ወጥታ፣ ልጁን ካሜራው ኋላ አስቁማ «አንተ አንሳኝ» እንዳለችው ነገራቸው። ይህን ለማንም አውርቶት አያውቅም። አማቱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ፤ ወንበራቸውን ወደ እሱ ሳብ አደረጉ።

«ከዚያስ?» አሉት።