ልዕልትን ማላመድ

የኔነሽ ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት ያገኘችው ልጇን ልዕልትን ስታጠባ ነው። ጎረቤቶቿ «ወተት ቋጥሮ ነው» አሏት፤ አመነች። ጠበል ተጠመቀች፤ ቅጠል አሰረችበት። እብጠቱ ፈንድቶ ሽታው በነጠላ አልደበቅ ሲል ባሏ ልመንህ ከወገዳ አሳፍሮ ባሕር ዳር ወሰዳት።

ሐኪሙ የነገረው ለልመንህ ነው። ሲመለሱ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ትከሻዋን እየደገፈ፣ «መድኃኒቱ ያሽልሻል» ይላታል።

«ልመንህ፣ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

ማየት አቃተው። «ሳንባሽ ገብቷል። ዘግይታችኋል አሉኝ» አለ ወደ መስኮቱ ዞሮ።

የኔነሽ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ልዕልት ገና ሦስት።

እቤት እንደገባች አርብ ገበያ ከተማ ልብስ የምትሰፋውን ታናሽ እህቷን ባንቺዓለምን አስጠራች። ባንቺዓለም የስፌት መኪናዋን አስጭና መጣች።

«ከዛሬ ጀምሮ ልዕልት አንቺ ጋ ትተኛለች» አለቻት የኔነሽ።

«እታለም፣ አንቺ እያለሽ?»

«እኔ እያለሁ ነው እንጂ። ኋላማ እኔን ማጣቱም አንቺን መልመዱም ባንዴ ይወድቅባታል።»

ልዕልት እናቷ ጋ ካልተኛሁ ብላ ሰነበተች። እሷ ስታለቅስ የኔነሽ የነጠላዋን ጫፍ ትነክሳለች።

«ምነው እንዲህ ጨከንሽ?» አላት ልመንህ አንድ ቀን ተቆጥቶ።

«አታባባኝ። አንተ ካባባኸኝ አልችለውም።»

ክረምቱ ሊገባ ሲል ልዕልት ደጅ ስትሮጥ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። የኔነሽ ፀሐይ እየሞቀች መደቡ ላይ ነበረች፤ ሳታስበው እጆቿን ዘረጋች። ልጅቷ በአጠገቧ አልፋ፣ የምትሰፋውን ልብስ ጥላ ወደ ወጣችው ባንቺዓለም ሮጠች።

«ወደ እማ ሂጂ እንጂ» አለቻት ባንቺዓለም ደንግጣ። ልዕልት ይበልጥ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ተያት፣ እቀፊያት» አለች የኔነሽ። የተዘረጉ እጆቿን ጭኗ ላይ ሰበሰበች። «እሰይ፤ ለመደችሽ።» ከዚያ ልመንህን ወደ ውስጥ አስገባኝ አለችው። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ሐምሌ ላይ መነሳት አቃታት። አንድ ጠዋት፣ «ዛሬስ አልቻልኩም፤ አምጡልኝ» አለች። ልዕልትን በደኅናው ጎኗ አስተኟት። የኔነሽ ፀጉሯን ስታሸት ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት።

«እማ፣ አሞሻል?»

«አዎ፣ የኔ ዓለም።»

«መቼ ነው የሚተውሽ?»

«አሁን አንቺ ስትመጪ ተወኝ።»

ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ዐረፈች። ኪዳነ ምሕረት ቀበሯት።

ለቅሶ የመጡት ሴቶች ልዕልት ባንቺዓለም ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷት አዩና፣ «ወይ ልጅ መሆን! ምን ታውቃለች» ተባባሉ። ልመንህ ሰማቸው። ሊመልስላቸው አፉን ሲከፍት ልቅሶው ቀደመው።