የባግራት ጆሮ

"ቀስ ይበሉ ጋሽ ባግራት፤ ደረጃ ነው።"

ናኑሊ የሽማግሌውን ክንድ ጠበቅ አድርጋ ይዛ ወደ ኮንሰርት አዳራሹ አስወጣችው። ከቤቱ በታክሲ ያመጣችው ራሷ ናት። የኮቱን አቧራ ሳይቀር አራግፋለታለች። ያያት ሁሉ አባቷን የምትጦር ልጅ ትመስለዋለች።

"የማን ልጅ ነኝ አልሽኝ?" አላት በሩ ላይ ቆሞ እያለከለከ።

"የአቺኮ!" ወደ ጆሮው ተጠጋች። "ሲምፎኒውን ያገዱበት አቺኮ!"

"አትጩኺ፣ መስሚያዬን አድርጌያለሁ።" ጆሮው ውስጥ ያለችውን ትንሽ መሣሪያ ነካ ነካ አድርጎ ሳቀ። "ያ ኳኳታ ነው ዛሬ የሚቀርበው? እኔ እኮ ሙዚቃ መስሎኝ ነው የመጣሁት!"

ሳቅ፣ አለች ናኑሊ በልቧ። ጥቂት ነው የቀረህ።

በሶቪየት ዘመን ባግራት እዚህ ትብሊሲ የሙዚቃ ገምጋሚው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። የአቺኮን ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊለማመዱት ኦርኬስትራው ቦታ ቦታውን እንደያዘ ገብቶ ኖታውን አስሰበሰበ። "ለሕዝብ ጆሮ የማይሆን" አለው። አቺኮ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን የጨረሰው መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ፒያኖ እየመታ ነው። እራት ላይ ጣቶቹ ሳያውቀው ጠረጴዛውን ይመቱ ነበር፤ ሁለቴ ቀስ፣ አንዴ ረገጥ። "ምንድን ነው አባዬ?" ስትለው እጁን ከጠረጴዛው በታች ይደብቃል። የገዛ ሥራውን አንድም ቀን በጆሮው ሳይሰማ ሞተ።

ዘንድሮ የኦርኬስትራው መሪ ኖታውን ከሬዲዮ ጣቢያው ምድር ቤት አገኘው። ዜናው ሲደርሳት ናኑሊ መጀመሪያ የጠየቀችው "ባግራት በሕይወት አለ?" ብላ ነበር።

ጥቁር ቀሚስ የለበሰችው ልጇ ታምታ ክላሪኔቷን እንደያዘች በጎን በር ብቅ አለች።

"እማዬ! እውነትም ይዘሽው መጣሽ?"

"በልተሻል? ከንፈርሽ ደርቋል እኮ።"

"እማዬ፣ መልሽልኝ!"

"አጠገቡ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አሰማዋለሁ። እንደ እሬት ይጋተዋል።"

"የዛሬው ቀን የአያቴ ነው፣ የሱ አይደለም። ደግሞ ሁለተኛውን ክፍል ብቻዬን ነው የምጀምረው። ከትንፋሽ አይበልጥም። እዚያ ጋ ነገር እንዳታነሺብኝ፣ በናትሽ።"

"እኔ? ምን ነክቶኝ! ሂጂ፣ ውሃ ጠጪ።"

ሙዚቃው ተጀመረ። ናኑሊ መድረኩን ትታ የባግራትን ፊት ታይ ነበር። መለከቶቹ ሲያጓሩ ቅንድቡ ይንቀጠቀጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን አዛጋ። የመጀመሪያው ክፍል እንዳለቀ መስሚያውን ከጆሮው አወጣና የወንበሩ ክንድ ላይ አስቀምጦ ዐይኖቹን ጨፈነ።

"ተገላገልኩ" አለ፣ ጮክ ብሎ።

ናኑሊ ደሟ ፈላ። መስሚያውን አፈፍ አድርጋ ጆሮው ውስጥ ልትወትፈው ስትል ዕቃው እጅ ስላፈነው በጣቶቿ መሃል ቀጭን ፉጨት አሰማ። ሰዎች ዞሩ። መድረክ ላይ ታምታ ክላሪኔቷን ወደ ከንፈሯ አስጠግታ ቆማለች፤ ዐይኗ ግን እናቷ ላይ ነው።

የናኑሊ እጅ አየር ላይ ቀረ። በጥፍሯ የባትሪውን ክዳን ፈልቅቃ ከፈተች። ፉጨቱ ጠፋ።

ታምታ ነፋች።

ሁለቴ ቀስ፣ አንዴ ረገጥ። የአባቷ ጣቶች! ናኑሊ ፊቷን ወደ መድረኩ መለሰች። አዳራሹ ውስጥ የሚስል ሰው ጠፋ። ከፊታቸው የተቀመጠችው ሴትዮ አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

ባግራት ዐይኑን ገለጠ። ግራ ቀኝ የሰዉን ፊት አየ። ቫዮሊን ተጫዋቾቹ ደጋናቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ታምታን ያዩ ነበር። ሽማግሌው ወደ ፊት ተጠጋና አንገቱን አሰገገ። ቆይቶ የናኑሊን እጅጌ ጎተተና መዳፉን ዘረጋ። አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

"ስጪኝ ልጄ። ልስማው።"

ናኑሊ የተዘረጋውን እጅ አየችው። ኖታውን ያስሰበሰበው ይኸው እጅ ነው። ዛሬ ልትግተው ያመጣችውን ነገር ራሱ እየለመናት ነው።

ወደ ጆሮው ጎንበስ አለችና፣ እንደማይሰማት እያወቀች፣ "አባቴም አልሰማውም" አለችው።

መስሚያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ የቦርሳዋ መቆለፊያ ቀጭ ብሎ የልጇን ዜማ እንዳይረብሽ፣ በሁለት አውራ ጣቶቿ ቀስ አድርጋ ተጭና ዘጋችው።