የሞተር ሳይክሉ ማሳ

መቼም ሰው አንድ ቃል ብቻ ትቅርልህ ቢባል የትኛዋን እንደሚመርጥ አይታወቅም። አንዱ እናቱን ይጠራል፣ አንዱ ፈጣሪውን። የብልጭታ ታላቅ ወንድም ግን ምላሱ ሲታሰር የቀረችለት ቃል «ማሳ» ነበረች።

ብልጭታ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ስሙን ያወጡለት የጋራዡ ሰዎች ናቸው፤ ሲቆጣም ሲስቅም ድንገት ስለሆነ። አባታቸው ሲሞት እጁን ይዞ ወደ ከተማ ያመጣው፣ ያሳደገው፣ ሙያውንም ያስያዘው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ «ጋሼ» ይለዋል። የአባታቸውን መሬት ለአጎታቸው ልጅ ትተው ከወጡ ወዲህ ስለ እርሻ በቤቱ ተነስቶ አያውቅም። እድሜ ልካቸውን ወሬያቸው ስለ ሽቦና ስለ ፊውዝ ነበር።

ጋሼ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል አለው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ውሎው ከእሷ ጋር ስለሆነ ሚስቱ «ጣውንቴ» እያለች ትቀልድበት ነበር። በዚያ ሰሞን ምን እንደታየው እንጃ፣ ከላይ እስከ ታች አዲስ ቀለም ቀባት። በአንድ እርግጫ ትነሳለች፤ መሄዱንም እንደ ጉድ ትሄዳለች፤ እምቢ ያለው የፊት መብራቷ ብቻ ነው። ካቻቪቴውን ይዞ መብራቷን ሊፈታ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ደም አንጎሉ ውስጥ ፈሶ ኖሮ ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ፣ ምላሱም ታሰረ። ሐኪሙ ብልጭታን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ፣ «አንድ ጊዜ ከደገመው አይተርፍም። ቤቱ ውሰዱትና የሚወደውን አድርጉለት» አለው።

የሚወደውን! መናገር ያልቻለ ሰው የሚወደው በምን ይታወቃል? ጋሼ ግን ይናገር ነበር። አልጋው በመስኮቱ አጠገብ ነው። ደህና የቀረው እጁን ግቢው ውስጥ ወደቆመችው ሞተር ሳይክል ይቀስርና «ማሳ» ይላል። ያርፍና ደግሞ፣ «ማሳ... ማሳ።»

«ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው» አለች ሚስቱ፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ተወልዳ ያደገችው ከተማ ነው። «የናንተን የጋራዥ ቋንቋ እኔ ምን አውቄ! አንተው ስማው።»

«ገብቶኛል እትዬ! መብራቷ ናት ያሳሰበችው» አለ ብልጭታ። ደስታው ሊያስለቅሰው ምንም አልቀረውም።

እንዴት አይገባው! በነሱ ሙያ ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩ አምፖሉን አብርቶ ወደ ባትሪው የሚመለስበት ብረት ነው። ማሳው ከተቋረጠ ሺህ አምፖል ብትቀያይር ወፍ የለም። ጋሼ ሲያስተምረው ጆሮውን እየቆነጠጠ «መብራት እምቢ ሲልህ መጀመሪያ ማሳህን እይ!» ይለው ነበር። ታዲያ አሁንስ ምን እያለ ነው? ይህችን መብራት በርታ ሳያያት መሞት አልፈለገም፤ አለቀ። ብልጭታ እንዲህ ብሎ አመነ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የጋራዡን ሥራ ለባልደረቦቹ ጥሎ ግቢው ውስጥ ሞተር ሳይክሏ ሥር ተቀመጠ።

አምፖሉን አውጥቶ በቀጥታ ባትሪው ላይ ሞከረው፤ በራ። ፊውዙ አልተቃጠለም። ማብሪያውን ፈቶ ጠረገው። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካው፤ ኤሌክትሪኩ እስከ አምፖሉ ድረስ ይመጣል፣ መመለሻ ነው ያጣው። ማሳ! ጋሼ መች ተሳስቶ ያውቃል! ከባትሪው ወደ ሞተር ሳይክሏ ገላ የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ፈታ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መልሶ አሰረው። አልበራም።

መስኮቱ ድረስ ሄዶ «ጋሼ፣ ማሳውን አጸዳሁት እኮ» አለ።

ጋሼ ራሱን በንዴት ነቀነቀ። «ማሳ!»

«ሌላ አለ ማለትህ ነው? ከዲናሞው በኩል ያለውን?»

«ማሳ!» አለ ጋሼ፣ ትራሱን በጡጫ እየመታ። ከዓይኑ እንባ ወረደ። ብልጭታም የራሱ እንባ መጣና ፊቱን አዙሮ ወደ መፍቻዎቹ ተመለሰ። የዲናሞውን ማሳ ፈታ። የኋላውን ፈታ። አዲስ ሽቦ ዘረጋ። አንዱን በጨረሰ ቁጥር መስኮቱ ጋ ሄዶ ይናገራል፤ ጋሼም ያንኑ ቃል ይመልስለታል፤ ድምፁ ግን እየዋለ እያደረ ይደክም ጀመር። ሾርባውን በማንኪያ ሲሰጡት በአፉ ጥግ ይፈስሳል። እጁ ቀጥኖ ቀጥኖ ሰዓቱ ከክንዱ ላይ ይንሸራተት ጀመር።

«እንዲያው ብትተወውስ?» አለች ሚስቱ። «አጠገቡ ቁጭ ብትልለት አይሻልም?»

«እንዴት እተወዋለሁ እትዬ! ከዚህ ሌላ ምን ጠየቀኝ? እድሜ ልኩን ሰጥቶኝ አንዲት መብራት ላበራለት አልችልም?»

ቱግ ብሎ ወጣና አምፖሉ የተገጠመበትን የመብራቷን ቤት በቡጢ ነረተው። መብራቷ ብልጭ ብላ ጠፋች።

ብልጭታ ክው አለ። ቀስ ብሎ ብሎኑን ፈታ። የመብራቱ ቤት ከመያዣው ጋር የሚገጥምበት ቦታ ላይ አዲሱ ቀለም ወፍሮ ተጋግሯል፤ ብረት ከብረት አይነካካም። ለካ ማሳዋን የቆረጠው ራሱ ጋሼ ነው፣ አሳምራለሁ ብሎ! «አላዋቂ ሳሚ ምን ይለቀልቃል አሉ?» ብሎ ጋሼ ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ቀለሙን በቢላ ፋቀው፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ ማብሪያውን ተጫነ። በራች!

ሞተር ሳይክሏን እየገፋ መስኮቱ ሥር አመጣትና አስነሳት። «ጋሼ! እያት! እያት እንጂ!»

ጋሼ ድምጿን ሲሰማ ፊቱ ወገግ አለ። ብርድ ልብሱን በደህና እጁ ገፎ ጣለው፤ አንድ እግሩንም ጎትቶ ከአልጋው አወረደ። «ኧረ ሊወድቅ ነው!» ብላ ሚስቱ ጮኸች። ብልጭታ ሮጦ ገባና አቀፈው። ጋሼ ኮሌታውን ጨምድዶ ወደ በሩ ይጎትተዋል፤ «ማሳ! ማሳ!» ይለዋል።

«አዎ ጋሼ፣ ማሳው ነበር! እንዳልከው ነው! ምን ጊዜም እንዳልከው ነው!» አለና ጨምድዶ የያዘውን እጅ ሳመው። ከዚያ እግሩን አንስቶ ወደ አልጋው መለሰ፤ እስከ አንገቱም አለበሰው። ባትሪው እንዳይደክም ብሎ ወጥቶ መብራቷን አጠፋ፣ ሞተር ሳይክሏንም በሸራ ሸፈናት። ሲመለስ ጋሼ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

ከዚያ ወዲያ «ማሳ» አላለም። «ልቡ አረፈ» ተባባሉ። ብዙም ሳይቆይ ያ የተፈራው ደገመውና ሞተ።

የአጎታቸው ልጅ ከገጠር ለለቅሶ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። አልቅሶ አልቅሶ ሲወጣለት «ምን ብሎ ሞተ?» ሲል ጠየቀ።

«ምን ይበል፣ ቃል የለው» አለች የጋሼ ሚስት። «ማሳ ብቻ ነው። ማሳ፣ ማሳ፣ ወደ ሞተሯ እያሳየ።»

«የመብራቷን ነው» አለ ብልጭታ። «ሠራሁለት። አየልኝ።»

ገበሬው ተራ በተራ አያቸው። «የምን መብራት? ማሳ ካለማ ማሳውን ነዋ! የአባታችሁን ማሳ! ስልክ ደውሎልኝ አልነበር? ‹ሞተሯን ቀለም ቀብቼ እመጣለሁ፣ ስንዴው ቆሞ ሳለ አንዴ ልየው፣ ሳላየው እንዳታጭድ› ብሎኝ። እኔ ሞኙ፣ ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ስል ዳሩ ላይ ያለውን ሳላጭድ ትቼለት ወፍ ጨረሰው።»

ሚስትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ሞተሯ ተበላሽታ ነው?» አለ ገበሬው። «ከኋላህ አስረህም ቢሆን ብታመጣው ምን ነበረበት?»

«የለም፤ ትሄዳለች» አለ ብልጭታ። «መብራቷ ነው እምቢ ያለው።»

«እኛ ጋ ለመምጣት ግማሽ ቀን አይፈጅም። በጠራራ ፀሐይ መብራት ምን ያደርግላችኋል?»

ብልጭታ እጆቹን አያቸው። ጥፍሮቹ ሥር ቀለም አለ።

«እግሩን እኮ ከአልጋው አውርዶ ነበር» አለ። «መልሼ ያስተኛሁት እኔ ነኝ።»