የመንትዮቹ ቁጥር

ቴክኒሻኖች የሚሠሩበትን መመሪያ፣ ማኑዋሉን፣ የምትጽፈዋን የመሥሪያ ቤቱ ሰው «እመት ነጥብ» ይላታል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከቦታዋ ብትዛነፍ ቢሮውን ቀውጢ የምታደርግ ሴት ናት። ያን ጉድ የጻፈችውም እሷው ናት፤ ማን ያምናል!

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ ኮምፒውተር ውስጥ አንዱ ፕሮሰሰር፣ ማለትም ሥራውን የሚያሰላው አንጎል፣ ኮምፒውተሩን ለሚመራው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሁለት ሆኖ ይታየዋል፤ እሱም ለሁለቱ መንትዮች ለየብቻ ቁጥር ይሰጣቸዋል። በእሷ ኮምፒውተር መንትዮቹ ዜሮና አንድ ነበሩ። ይህን አየችና «መንትዮች ምንጊዜም ተከታታይ ቁጥር አላቸው» ብላ ጻፈች። ሌላ ማሽን ከፍቶ ማየት ማንን ገደለ? አላየችም።

መሥሪያ ቤቱ የሚያገለግለው አንድ የወተት ፋብሪካ ኮምፒውተር ላይ ግን የዜሮ መንታ አራት ነበር። እዚያ የተላከው ጋሼ ብሎን፣ ሥራ ያስተማራት አንጋፋ ቴክኒሻን፣ ማኑዋሉን ቃል በቃል ተከተለ። ዜሮን ለጠርሙስ መሙያው ሰጠ፣ አንድን የዜሮ መንታ መስሎት ሥራ እንዳይሻማ ባዶ ተወ፣ ከባዱን የሪፖርት ሥራ አራት ላይ ጫነ። ሁለቱ ሥራዎች ባንድ ፕሮሰሰር ሲሻሙ መሙያው በሰዓቱ ማቆም አቃተው፤ ወተቱ ወለሉን አጥለቀለቀው።

አለቃው ጠራት። «ሽማግሌው ማንበብ ተስኖታል፤ አሰናብተዋለሁ። አንቺ ግን ገጹን እስቲ ለደነዝም እንዲገባ አድርገሽ አብራሪው።»

መናገር የነበረባት ያኔ ነበር። እሷ ግን ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ ሁሉም ከኮምፒውተር ከሚያነበው ማኑዋል ላይ ዓረፍተ ነገሩን አጠፋችና «ቁጥሩ እንደየማሽኑ ይለያያል፤ አስቀድማችሁ አረጋግጡ» ብላ ጻፈች። አስተካከልኩ የሚል አንድ ቃል አላኖረችም። ዓይኗን በጨው ታጥባ!

በማግስቱ ጋሼ ብሎን ቢሮዋ ድረስ መጣ።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ምን አጠፉና ጋሼ?»

«ገጹን ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ደግሜ አየሁት። አረጋግጡ ይላል፣ ቁልጭ ብሎ። እኔ ግን ሌላ ነገር እንዳነበብኩ በምል እምላለሁ። ዓይኔ ይሁን ጭንቅላቴ፣ እንጃ። ያንቺንም ልፋት መሳቂያ አደረግሁት።» እንባው ዱብ ዱብ አለ።

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «አይዞዎት» ነው ያለችው። በዚያች ምላሷ!

በነጋታው አለቃው ሁለቱንም ጠርቶ የስንብት ወረቀቱን ዘረጋ። ጋሼ ብሎን እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆሞ፣ «ልክ ብላችኋል፤ እኔ አልቆልኛል» አለና እስክሪብቶውን አነሳ። 

«አይፈርሙ!» ብላ ጮኸች። «ያነበቡት ልክ ነው ጋሼ። ስህተቱን የጻፍኩት እኔ፣ እርስዎ ትናንት ገጹን ከማየትዎ በፊት ሹልክ ብዬ የቀየርኩትም እኔ ነኝ።»

አለቃው ቀስ ብሎ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ጋሼ ብሎን ግን ወረቀቱንም አላየው።

«ትናንት ሳለቅስ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች አንገቷን ደፍታ።

«እኔ እኮ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማታ ሚስቴን አጠገቤ አስቀምጬ የልጆቼን ስም ስጽፍና ሳነብ ነው ያመሸሁት። ማንበብ መቻሌን ለማየት።»