ሁለት ካሜራ፣ አንድ ፊት

ባሌ ፎቶ አንሺ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ሐሜት እንዳይሆንብኝ። ብርሃንን እንደሱ የሚያውቅ የለም። በመስኮቱ አሻግሮ አይቶ «አሁን ደመና ሊገባ ነው» ካለ ይገባል። ሰው ላይ ግን... ተዉኝ እስቲ። ወንበሩ ላይ ለሚቀመጥለት ሰው የሚያወጣቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ «ቀና። ዝቅ። ወደ ግራ። እንዳትንቀሳቀስ። ጨረስን።» እኔንም ቤት ውስጥ የሚያነጋግረኝ በእነዚሁ ነው፤ «ጨረስን» የምትለዋ እንኳን አትቀርም።

ፎቶ ቤታችን ጠባብ ናት። ከፊት አንድ ወንበር፣ ነጭ መጋረጃና ትልቅ መስኮት አለ፤ ከኋላ ደግሞ በጨርቅ የተከለለች ኮምፒውተርና ማተሚያ ያለባት ክፍል። እሱ ያነሳል፣ እኔ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ጉርድ ፎቶውን በመቁረጫ እየቆረጥኩ ፖስታ ውስጥ አስገባለሁ። እንጀራችን ይኸው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ደንበኛ መሸሽ ጀመረ። አንድ ሹፌር ለመንጃ ፈቃድ የተነሳውን ጉርድ ፎቶ ተቀብሎ ገልብጦም ገልጦም አየውና «እህቴ፣ ማንን ገድዬ ነው?» አለኝ። አንዲት አስተማሪ ደግሞ የራሷን ፎቶ ይዛ «የኔን ስጡኝ እንጂ» ብላ ስትከራከረኝ ዋለች። እውነታቸውን ነው፤ ከእኛ ቤት የሚወጣ ፊት ሁሉ ጥርስ ሊነቀል የተቀመጠ ሰው ፊት ነው። ከመንገዱ ማዶ አንድ ጎረምሳ በስልኩ እያነሳ ሰልፍ ያሠልፋል።

«ሰውየውን እስቲ ትንሽ አጫውተው» አልኩት ባሌን።

«ካሜራው አርጅቷል» አለኝ።

እኔ እንኳ ይህን ያልኩት ለደንበኛው ብቻ ብዬ አልነበረም። በዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቀና ብሎ ፊቴን አይቶ «ምን ሆነሻል?» እንዲለኝ። ወርቅ አላልኩም፣ ሽርሽር አላልኩም። ከከሳሁ፣ ከጠቆርኩ፣ ሳቅ ከረሳሁ ቆይቻለሁ፤ ጎረቤት ሁሉ ጠይቆኛል። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ፊት ሲያይ የሚውል ሰው፣ የኔ ጊዜ ሲደርስ ዓይኑ ይደክመዋል።

አንድ ካሜራ ሻጭ ወዳጁ ሁለት አዲስ ካሜራ «ሞክረህ የወደድከውን አስቀር፣ ሌላውን መልስ» ብሎ በአደራ ሰጠው። ሁለቱም መስታወት አልባ የሚባሉት ናቸው። የድሮው ካሜራ ሆዱ ውስጥ መስታወት ነበረው፤ እነዚህ የላቸውም፣ ስለዚህ ቀላልና ትንንሽ ናቸው። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ግራጫ። ካርቶናቸው ላይ ደግሞ «ለጀማሪዎች» ይላል። ፀጉሩ ሸብቶ ለጀማሪዎች! ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ። ያ ዝምተኛ ሰውዬ አፉ ተፈታ። ራት ላይ ስለ ካሜራ፣ ቁርስ ላይ ስለ ካሜራ። ጥቁሩ ቀለል ይላል፣ ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል። ግራጫው ባትሪው ይቆያል፣ ዋጋው ግን ያቃጥላል። ጥቁሩ ስክሪኑ ይገለበጣል። ግራጫው ደግሞ የሰው ዓይን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፣ ካገኘም አይለቅም።

«ዓይንሽን አንዴ ካየ፣ ብትዞሪም ይከተልሻል» አለኝ በአድናቆት።

«ታድሎ!» አልኩት። አልገባውም።

ጣውንት ቢያመጣብኝ ይሻል ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ጣውንት ቢያንስ ከራስጌዬ ቻርጅ ላይ ተሰክታ አታድርም።

ሰኞ ቤቱን ዘጋንና ፈተናው ተጀመረ። የሚነሳው ፊት የኔ እንዲሆን ተወሰነ፤ «አንድ ፊት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርሃን» አለ፣ ዳኛ የሆነ ይመስል። ብርሃኑ ሳይለወጥ ቶሎ ቶሎ መሥራት ስላለበት ረዳት አስፈለገው፣ ታናሽ እህቱን ጠራ። እሷ ፀጉር ሠሪ ናት፣ ሰኞ ዕረፍቷ ነው። ስሟን ትቶ ሬዲዮ ነው የሚላት፤ ምላሷ ጤፍ ይቆላል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ እሱ በጥቁሩ ያነሳኛል። ከዚያ እሱ ከጀርባ ገብቶ ያነሳውን ኮምፒውተር ላይ ሲጭን፣ ሬዲዮ በግራጫው ታነሳኛለች። ሁለቱንም በየባለ ሦስት እግር ማቆሚያቸው ላይ ተክሎ፣ ሁሉን ነገር አስተካክሎ «ቁልፉን ብቻ ተጫኚ፣ ሌላ ነገር እንዳትነኪ!» ብሎ አስጠነቀቃት።

ተቀመጥኩ። «ቀና» አለ። ቀና አልኩ። «ዝቅ።» ዝቅ አልኩ። «እንዳትንቀሳቀሺ።» ኧረ ወዴት ልንቀሳቀስ! ቀጭ፣ ቀጭ አደረገና «ጨረስን» ብሎ ጨርቁን ገልጦ ገባ።

ሬዲዮ ከግራጫው ኋላ ቆመች። ቁልፉን አልተጫነችም። አየችኝ።

«እትዬ፣ ምነው ከሳሽ?»

«ደህና ነኝ» አልኩ። ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እሷም ገባት መሰለኝ፣ ወዲያው ወሬዋን ቀየረች።

«ቅዳሜ ምን እንዳጋጠመኝ ልንገርሽ? አንዷ መጣችና ‹ልክ እንደዚህ አድርገሽ ቁረጪኝ› ብላ ስልኳ ላይ የሴት ፎቶ አሳየችኝ። ‹ቆንጆ ናት፣ ማናት?› ስላት፣ ‹የባሌ የመጀመሪያ ሚስት› አትለኝም!»

«ሂጂ!»

«ሙቺ ስልሽ! እኔም ‹እህቴ፣ እሷንም እኮ በዚህ ፀጉር ነው የተዋት› አልኳት።»

ሳቄ አመለጠኝ። ቀጭ።

ትንሽ ቆይቶ ባሌ ጠራን። ስክሪኑ ላይ ሁለት እኔ ጎን ለጎን ተደርድረናል። በጥቁሩ የተነሳችው ለመርዶ የተቀመጠች ናት። በግራጫው የተነሳችው ደግሞ ሰው ናት፤ ዓይኗ ያበራል፣ ጉንጯ ደም አለው። ራሴን ሳየው ደነገጥኩ፣ ያቺ ሴት ያለች አልመሰለኝም ነበር።

ባሌ እጁን አፋተገ። «አያችሁ? ይሄ ነው የቆዳ ቀለም አያያዝ ማለት! ዓይኑ ውስጥ ያለውን ብርሃን እዩት። ጥቁሩ ቀለም ይገድላል። ግራጫውን ነው የምንገዛው፣ ውድም ቢሆን።»

ሬዲዮ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ዝም ብል ይሻል ነበር፣ ግን እኔ ዝም ማለት ሰልችቶኛል።

«ካሜራ ተለዋወጡ» አልኩ። «አንተ በግራጫው፣ እሷ በጥቁሩ።»

«ለምን?»

«ለማረጋገጫ። አንተ አይደለህ አንዴ አይበቃም የምትለው?»

በማረጋገጫ ቀልድ አያውቅም፤ ተስማማ። ወንበሩ ላይ ተመለስኩ። መጀመሪያ ያገኘኝም እዚሁ ወንበር ላይ ነው። ለሥራ ማመልከቻ ጉርድ ፎቶ ልነሳ መጥቼ፣ ፊልም በሚጎርሰው አሮጌ ካሜራ አሻግሮ አየኝና «ይህን ፊት ለማመልከቻ ማዋል ግፍ ነው» አለኝ። ስስቅ ጊዜ አነሳኝ። ሥራውን አላገኘሁትም፣ እሱን አገኘሁ። አሁን በዚያች ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ አንድ ነገር በለኝ፣ ስድብም ይሁን በለኝ እያልኩ በሆዴ ለመንኩት።

«ቀና» አለ። «ዝቅ። እንዳትንቀሳቀሺ። ጨረስን።»

ሬዲዮ ደግሞ በተራዋ ያቺ ሴትዮ ፀጉሯን ተቆርጣ ቤቷ ስትገባ የሆነውን ነገረችኝ። አልደግመውም፤ እንባዬ እስኪወርድ ግን ሳቅኩ።

ውጤቱ ወጣ። አሁን የሞተችው በግራጫው፣ የምትስቀው በጥቁሩ ናት። ባሌ «ደመና ነው» አለ። ደገምን። ያው። «ወንበሩ ተንቀሳቅሷል» አለ። ወንበሩን በጠመኔ አስምሮ ደገምን። ያው። «ሌንሱ ላይ ጣት አርፎበት ይሆናል» ብሎ ሁለቱንም በጨርቅ ወለወለ። ያው ናት ሴትዮይቱ፤ ለእህትየው ትስቃለች፣ ለእሱ ትሞታለች።

በመጨረሻ ፎቶዎቹን ሁሉ ስክሪኑ ላይ ደረደራቸው። ከላይ እሱ ያነሳቸው፣ ከታች እሷ። ለረጅም ጊዜ አያቸው። አንዱን አጉልቶ ዓይኔን ብቻ አየ፣ ከዚያ አፌን፣ ከዚያ እንደገና ዓይኔን። እንዲያ አተኩሮ አይቶኝ አያውቅም። ከኋላው ቆሜ እሱን አየዋለሁ።

«ገባኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ጠጋ አልኩት።

«ችግሩ ካሜራው አይደለም። እኔ ነኝ።»

ከተጋባን ጀምሮ ይህን ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። እጄን ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩ። አሁን ይዞራል፣ አሁን ያየኛል፣ አሁን ይጠይቀኛል አልኩ። የምመልስለትን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር፤ ብዙ አይደለም፣ «ናፍቀኸኝ ነው» ልለው ነበር።

ከስክሪኑ ሳይነቀል «ሬዲዮ» አለ፣ «ፀጉር ቤቱን ተይው። ከነገ ጀምሮ የምታነሺው አንቺ ነሽ፣ እኔ እዚህ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ እሆናለሁ።»

ሬዲዮ እሱን ትታ እኔን አየች።

«ካሜራውስ?» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

«ርካሹ ይበቃናል። ምን ልዩነት አላቸው?»

«እኔስ?»

«አንቺ ምን?» አለ ግራ ተጋብቶ። «አንቺማ ያው መቁረጫው ላይ ነሽ።»

ይኸው ዛሬ ፎቶ ቤታችን ይሰለፍበታል። ባሌ ትክክል ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው። ሬዲዮ ታወራለች፣ ሰው ይስቃል፣ ጥቁሩ ካሜራ ቀጭ ይላል፣ እኔ እቆርጣለሁ። ማዶ ያለው ጎረምሳ እንኳ ለራሱ ጉርድ ፎቶ የመጣው እኛ ጋ ነው። የኔን ሳቅ ደግሞ ባሌ በትልቁ አሳትሞ፣ ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ የመስኮቱ መስታወት ላይ ሰቀለው። አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ ያየዋል።

ጠዋት ጠዋት እኔ ከውስጥ ወለል ስጠርግ፣ እሱ ከውጭ መስታወቱን ይወለውላል። ወልውሎ ሲጨርስ አይገባም፤ ፎቶው ፊት ለፊት ይቆማል። ለኔ የሚታየኝ የፎቶው ነጭ ጀርባና ከበላዩ የባሌ ፊት ነው። ፈገግ ብሎ ያያታል። እንዲህ ዓይነት ፈገግታ ያለው ሰው መሆኑን ረስቼው ነበር፤ አንጀቴን በላው።

ትናንት አላስችል አለኝ። መጥረጊያውን ጥዬ ከፎቶው ጎን ሄጄ ቆምኩና መስታወቱን አንኳኳሁ። ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ሳቅ አልኩለት፣ እውነተኛውን፣ ለሬዲዮ የምስቀውን።

በያዘው ጨርቅ ምልክት ሰጠኝ፤ ዞር በይ፣ ፎቶውን አበላሸሽብኝ ማለቱ ነው።