የኋላ ግድግዳው ፈቃድ

የሰፈሩ ሰው ብልጭታ ይለዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ በኢንተርኔት ፎቶ ይሸጣል፤ ይሸጣል ማለት ፎቶ ይጭናል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ገዢ ይጠብቃል። ጀምበር ስትጠልቅ አነሳ፣ እርግቦችን አነሳ፣ የእህቱን ባል ነጭ ካፖርት አልብሶ «ደስተኛ ሐኪም» ብሎ አነሳ፤ ዞር ብሎ ያየው የለም። ገበያ የቀናው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱ የተከራየበት ግቢ የኋላ ግድግዳ።

ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተቀብቶ ሦስት ጊዜ የተላጠ ነው። አረንጓዴው ከሰማያዊው ሥር፣ ሰማያዊው ከቢጫው ሥር ብቅ ብቅ ይላል፤ ዝናብ የወረደበት መስመር እንደ እንባ ቁልቁል ተሰምሮበታል። ዲዛይነሮች ይወዱታል፤ ጽሑፍ ይጽፉበታል። የሽቶ ማስታወቂያ ሆኗል፣ ስለ ጭንቀት የሚያወራ መጽሔት ሽፋን ሆኗል፣ አንዴም የባንክ ቀን መቁጠሪያ ሆኗል። ለብልጭታ ከእያንዳንዱ የሚደርሰው የአንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ ነው፤ እሱም ስኳር የሌለው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ዲዛይነር ጻፈለት። ለአሥራ ሁለት መጻሕፍት ሽፋን ያንኑ ግድግዳ ከአሥራ ሁለት አቅጣጫ፣ እንደ አዲስ፣ በትልቅ መጠን እንዲያነሳለት፤ አዲሶቹን ፎቶዎች ደግሞ ከእሱ ሌላ ለማንም እንዳይሸጥ። ያቀረበው ዋጋ ብልጭታ ዓመት ሙሉ በሱቅ መስታወት እያየ ምራቁን ሲውጥለት የኖረውን ካሜራ ከነሌንሱ ይገዛል። የብልጭታ ልብ ቅቤ ጠጣ። ዲዛይነሩ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀ፤ አንዱ ብልጭታ ካለው አሮጌ ካሜራ የተሻለ ካሜራ፣ ሌላው የግድግዳው ባለቤት የፈረመበት ፈቃድ።

ካሜራውን ለአንድ ቀን ሊከራይ ተነጋገረ። የፈቃዱን ቅጽ ይዞ ወደ ቤት አከራዩ ገባ። አከራዩ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው፤ ቅጹን እንደ ተማሪ ፈተና እርሳስ ይዘው አነበቡት። ግድግዳዬን ማን ነው የሚገዛው ብለው ጠየቁ። ብልጭታም ግድግዳው እንደማይሸጥ፣ ፎቶውም ቢሆን እንደማይሸጥ፣ የሚሸጠው በፎቶው የመጠቀም ፈቃድ እንደሆነ፣ ርካሹ ፈቃድ ለስንትም ሰው እንደሚሰጥ፣ ውዱ ግን ለአንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ላቡ እስኪወርድ አስረዳ።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ያንኑ አንዱን ለስንት ሰው ሸጥከው?»

«ለሁለት መቶ አርባ፣ እትዬ።»

«አንድ በሬ ለሁለት ሰው የሸጠ ሰው አውቃለሁ። ታስሯል።»

«ይሄ ሕጋዊ ነው።»

«በሬውስ አሁን የት ነው?»

«እዚሁ። ማለቴ፣ ግድግዳው።»

አተኩረው አዩት፤ ቀጥለውም ሰው ግድግዳቸው ላይ ምን አይቶ እንደሆነ ጠየቁ። እዚህ ላይ ነው ብልጭታን ይሉኝታ የያዘው። እኚህን የተከበሩ ሴት «ሰዉ የወደደው ጎስቋላነቱን ነው» ብሎ በምን አፉ ይበላቸው? የቤት ኪራይም አለ፣ ዓይን ለዓይን መተያየትም አለ። እናም ውበቱን ነው አለ። ዓለም ሁሉ ሊያየው ነው አለ፤ በትልቁ፣ እያንዳንዷ ነጥብ ሳትቀር።

«ነጥቧ ሳትቀር?»

«ሳትቀር፣ እትዬ።»

ፈረሙ። መቼ እንደሚያነሳ ጠየቁት፤ ከነገ ወዲያ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል አላቸው። ጥሩ፣ ይበቃል አሉ። ምን እንደሚበቃ አልጠየቀም።

በቀጠሮው ቀን የተከራየውን ካሜራ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ወደ ጓሮ ዞረ። ክው አለ። ግድግዳው እንደ ወተት ነጥቶ ቆሟል። አንድ ቀለም ቀቢ ከመሰላሉ ሥር ብሩሹን ያጥባል። እትዬ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ነጠብጣብ እንዳይነካቸው ራቅ ብለው ቆመዋል።

«ዓለም ሊያየው ነው አላልክም?» አሉት። «ከነቅርፊቱ ላሳየው? በዓለም ፊት ልዋረድ እንዴ?»

ብልጭታ ስልኩን አወጣ። ዞር ብሎ ለዲዛይነሩ ደወለና የሆነውን ነገረው። ዲዛይነሩ ነጭ ግድግዳ የእሱም ቢሮ እንዳለው ተናገረ። መጻሕፍቱ የሚታተሙት ከስምንት ወር በኋላ ስለሆነ ግን እስከዚያ ከተላጠ እንደሚገዛው ቃል ገባ። ብልጭታ ነፍሱ መለስ አለችና ወደ ቀለም ቀቢው ሄደ።

«ጋሼ፣ ይሄ ቀለም በስንት ጊዜ ይላጣል?»

ሰውየው ብሩሹን አስቀመጠ። ፊቱ ጠቆረ።

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? አሮጌውን ከሥሩ ፍቄ አንስቻለሁ። ሁለት እጅ ቀብቻለሁ። አሥር ዓመት ንቅንቅ አይልም።»

እትዬ ከኋላ ሆነው የብልጭታን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

«ሰማህ ልጄ? አሥር ዓመት እየሸጥክ ትኖራለህ። በል አሁን አንሳው፤ እኔ በዚህ በኩል ልቁም?»