የደባሎቹ ገበዝ

ነሐሴ ሃያ ሁለት ቀን፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ይርጋለም ከሐዘን ምንጣፏ ተነሣች። የወንድሟ የንብረት አርባ ገና አልወጣም። አክስቷ ጸሐይነሽ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ጎተተቻት።

«ወዴት ነሽ?»

«ዩኒየኑ ዘንድ። ስብሰባ አለ።»

«አርባው ሳይወጣ ስብሰባ! ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል፣ እቴቴ። እኔ እዚህ ደረቴን ስደቃ እነሱ ንብረትን ሁለተኛ ሊቀብሩት ነው።»

ከል እንደለበሰች፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ወጣች። የወረታ መንገድ ጭቃ ነው። ከከተማው ወዲያ የርብ ወንዝ ሜዳውን ሞልቶት ሩዙ አንገቱን ብቻ አውጥቶ ቆሟል።

ንብረት የሩዝ አምራቾቹ ዩኒየን የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበር። ሰርቨር በሚሉት በአንድ ትልቅ ማሽን ላይ ሦስት ሥራ ለያይቶ አስቀምጧል፤ የመጋዘኑን፣ የአባላቱን፣ የደመወዙን። አንዱ ቢታመም ሌላው እንዳይታመም ብሎ ነው። ሦስቱን የሚለያይለትንም ሶፍትዌር ራሱ መረጠ፤ ፕሮክስሞክስ ይባላል፣ ማንም በነፃ አውርዶ የሚጭነው ነው። ይርጋለም እዚያው ዩኒየን የመጋዘን መረጃ ታስገባ ስለነበር አጠገቡ ተቀምጣ ብዙ አይታለች። ሲታመም ደግሞ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ በቃሉ እየነገራት እሷ እየሠራች ከረሙ። ሐምሌ ላይ ኩላሊቱ ገደለው። አሁን ቦርዱ ፈቃዱ በየዓመቱ የሚታደስ ሌላ ሶፍትዌር ሊገዛ፣ የንብረትንም ጠርጎ ሊያጠፋ ተሰብስቧል።

ስትገባ ሁሉም ብድግ አሉ። ሊቀ መንበሩ አቶ ባየህ እጃቸውን ዘረጉላት።

«እግዜር ያጥናሽ። ምነው ተነሣሽ፣ ልጄ?»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ። የመጣሁት ልጽናና አይደለም፤ ልከራከር ነው።»

የአዲሱ ሶፍትዌር ሻጭ በእውቀቱ ከባሕር ዳር የመጣ ሰው ነው። ጫማው ላይ የደረቀውን ጭቃ እያየ ማስረዳቱን ቀጠለ፤ ስለ ሪሶርስ፣ ስለ ቨርቹዋላይዜሽን።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ አቶ ባየህ። «በሰው ቋንቋ አርገው።»

ከቦርዱ አባላት አንዱ መሪጌታ ይሄይስ ሳቁ። «ደባል ማለቱ ነው። በኛ ደብር ባለቤቱ ጊዮርጊስ ነው፤ ሚካኤልና ኪዳነ ምሕረት ደባል ናቸው። ቤቱ አንድ፣ ንግሡ ለየብቻ። አይደለም እንዴ?»

«ልክ ነው፣ መሪጌታ» አለ በእውቀቱ።

«ዛሬ የምንመርጠውስ?» አሉ አቶ ባየህ።

«ቄሰ ገበዙን ነው» አለች ይርጋለም። «ማን የት እንደሚያድር የሚያውቀውን፣ ቁልፍ ያዡን።»

በእውቀቱ ወደ እሷ ዞረ፤ ድምፁን ለሐዘኗ ዝቅ አደረገ። «አሁን ያለው መጥፎ ነው አልልም። ግን ሲበላሽ የሚጠራለት ሰው የለም። የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና፣ እውቀቱን ይዞት ሄደ።»

«ይዞት አልሄደም!» ብላ ጠረጴዛውን መታች።

«ሐዘን ነው የሚያናግርሽ» አሉ አቶ ባየህ።

«ያናግረኝ! ሐዘንተኛ አፏን ትለጉም ያለው ማነው? አባቴ፣ እርስዎ በሬ ሲገዙ ምን አርገው ነው የሚገዙት?»

«ጠምጄ ነዋ። ቀንዱን አይቼ ልግዛ?»

«ታዲያ የዚህ ሰው በሬ መቼ ተጠመደ? የወንድሜስ መቼ ተጠመደና ነው ለቢላዋ የታሰበው?»

ሰዎቹ ሳቁ፤ በእውቀቱም ሳቀ። መሪጌታ «እውነቷን ነው፣ ይጠመዱ» አሉ።

ከቀትር በኋላ ተጠመዱ። በእውቀቱ ይዞት በመጣው ማሽን ላይ የሦስቱን ሥራ ቅጂ አስገባ። ስምምነቱ ቀላል ነበር፤ ሥራ ላይ እንዳሉ መብራቱ ይጠፋል፣ ተመልሶ ሲመጣ ማን ደባሎቹን አሟልቶ እንደሚያነሣ ይታያል። አቶ ባየህ «ሂድ!» ብለው ቆጣሪውን ራሳቸው አወረዱት፤ ጥቂት ቆይተው መለሱት።

የበእውቀቱ ሦስቱንም አንድ ባንድ አነሣ። የንብረት መጋዘኑንና ደመወዙን አነሣና ቆመ። የአባላቱ ግን አልተነሣም።

«ይኸ በሬ ትልሙ ላይ ተኛ» አለ አንዱ ከኋላ።

ይርጋለም ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። ማያው ላይ ቀይ ጽሑፍ ተዘርግቷል። ሞክራ፣ ደግማ ሞክራ እምቢ ሲላት በሟች ተናደደች፤ ምን አረግኸኝ፣ ንብረት?

በእውቀቱ በትከሻዋ በኩል ጎንበስ አለ። «ዲስኩ ሞልቶ እንዳይሆን እዪ» አለና እንደተጸጸተ ሰው ወደ ኋላ ተመለሰ።

አየች። ሞልቷል። ንብረት ዘር የማይጥል የገበሬ ልጅ ነበር። ይጠፋብኛል ብሎ የየዕለቱን ቅጂ ሲያከማች፣ ጎተራውን ሰው ከሚያድርበት ቤት አስገብቶ መተኛ እስኪታጣ ሞልቶታል። ቅጂዎቹ በየቀናቸው ተደርድረዋል። አልጋ ሳይዝ በገዛ እጁ የሠራቸውም አሉ። ይርጋለም አርባ ሳይወጣ ከቤት የወጣችው እነዚህን ማንም እንዳያጠፋቸው ነበር።

የመጨረሻውን ብቻ አስቀርታ ሌላውን ማጥፋት ጀመረች።

«ምን እያረግሽ ነው?» አሉ መሪጌታ።

«የንብረትን ስሕተት እያጠፋሁ ነው። ስሕተቱ አብሮት አልተቀበረም፣ መሪጌታ፤ እውቀቱም አልተቀበረም።»

እንባዋን አልጠረገችም። የአባላቱም ሥራ ተነሣ፤ የየቀበሌው ሰው ስም ማያውን ሞላው። ያኔ ወንበሯን አዙራ ሰዎቹን ፊት ለፊት አየቻቸው።

«አዎ፣ ወደቀ። ዓይናችሁ እያየ ወደቀ። ግን ካለሁበት ሳልነሣ አነሣሁት። የዚህ ሰው ሲወድቅ ማን ያነሣዋል?»

«ቢሮአችን» አለ በእውቀቱ።

«ባሕር ዳር?»

«ችግሩ ከከበደ አዲስ አበባ።»

«የጉማራ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክም ሲጠፋስ?»

በእውቀቱ መዋሸት ይችል ነበር። አልዋሸም። «ያኔ ትጠብቃላችሁ» አለ።

አቶ ባየህ ወደ ይርጋለም ዞሩ። «እሺ፤ አንቺስ ብትሞች?»

ጸሐይነሽ ብትሰማ ታማትብ ነበር። ይርጋለም ግን አላማተበችም። «ሁለት ሰው ስጡኝ፣ ላስተምር። መሪጌታ፣ ቄሰ ገበዝ ሲሞት ቤተ ክርስቲያን ይዘጋል?»

«ኧረ አይዘጋም።»

እጅ ሲወጣ የንብረት በአንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። ይርጋለም ማንንም ሳታመሰግን ወደ ምንጣፏ ተመለሰች።

አርባው ከወጣ በኋላ የዩኒየኑ ሠራተኞች ደሳለውና ደብረወርቅ ሥራውን ከእሷ ተማሩ፤ ቅጂው ወደ ሌላ ዲስክ ተዛወረ። በጥር ይርጋለም ሐሙሲት ከተማ ሥራ አግኝታ ሄደች። ማሽኑ ወረታ ነው፤ ይሠራል።